እትዬ ውድነሽ ተሰማ፣ የያራቪሏ ጅረት ጸሐፊ

እትዬ ውድነሽ ተሰማ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ እዚህ ሜልበርን ውስጥ በተኙበት ሆስፒታል አረፉ። በኬንሲንግተን ፍላቶች፣ በእነዚያ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ቤቶቻችን፣ በቤተ ክርስቲያናቸው፣ በያራቪሏ ጅረት ዳር ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ለወደዳችኋቸውም ለተቀየማችኋቸውም፣ ይህን የምጽፍላችሁ ጎረቤታቸው ዳዊት ነኝ። «ለተቀየማችኋቸውም» ያልኩት አስቤበት ነው። ሙገሳ ብቻ ብጽፍ እሳቸው ራሳቸው እርሳስ አንስተው ይሰርዙብኝ ነበር።

እትዬ ውድነሽ ጅማ ተወልደው አድገው፣ እዚያው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምረዋል። በደርግ ዘመን ባለቤታቸው ታስረው ደብዛቸው ሲጠፋ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ካርቱም ውስጥ የስደተኛ ልጆች እያስተማሩ ጥቂት ዓመታት ቆዩና ወደዚህ መጡ። ልጅ አልወለዱም። እዚህ ሲደርሱ የመምህርነት ወረቀታቸውን የሚቀበል አላገኙም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከተማው መሀል ያሉ ቢሮዎችን ሲያጸዱ ኖሩ። አንድ ቀን «አይቆጭዎትም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማጽዳቱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያን ሁሉ መስኮት ወልውዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ የሚያይ ሰው አለማየቴ ነው» አሉኝ።

ጽሕፈት የጀመሩት ከዚያ ሥራ መልስ ነው። ሺፍታቸው ሲያልቅ በባቡር ኬንሲንግተን ይደርሱና፣ ገብተው በመተኛት ፈንታ ወደ ውሃው ዳር ይወርዱ ነበር። አንድ ጠዋት ፊቱ ነጭ የሆነ ሽመላ ጭቃው ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ አዩ። የሚነግሩት ሰው አጡ። ቤት ሲገቡ ያገኙት ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ አላቆሙም። የአእዋፉን የእንግሊዝኛ ስም ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ሆኖም በአማርኛ አዲስ ስም ያወጡላቸው ነበር። ማለዳ በሚያምር ድምፅ የሚዘምረውን፣ በመራቢያው ወራት ግን መንገደኛውን ሁሉ እያሳደደ አናቱን የሚጠቀጥቀውን ጥቁርና ነጭ ወፍ «ቁጡው ዲያቆን» አሉት። የቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆናት መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በኋላ ግን እነሱም እንደዚያ ይጠሩት ጀመር። ስለ ባሕር ዛፍ ሲጽፉ ደግሞ «አገራችን ሳለን መጤ እያልን እናማው ነበር። እዚህ እሱ ባለቤት ነው፤ መጤዎቹ እኛ ነን። እንደ እንግዳ ጠባያችንን እናሳምር» ብለዋል።

ከውሃው ዳር ቀጥሎ ሁለተኛው መምህራቸው አንድ መጽሐፍ ነበር። ፊትዝሮይ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የገዙት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ። ጸሐፊዋ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የኖረች ሴት ናት። ስለ ረግረግና ስለ ወፍ፣ ስለ ቅጠልና ስለ በረዶ ትጽፋለች፤ በዚያው ብዕር የፋብሪካ ሴቶች የሥራ ሰዓት እንዲቀነስ፣ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ትሟገታለች። ልጄ ሩት በስልኳ ፈላልጋ ስሟን አግኝታላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው «አሜሪካዊቷ» ነበር የሚሏት፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ እንደምትኖር ጎረቤት። በየጠዋቱ አንድ አንቀጽ ወደ አማርኛ ይመልሱላት ነበር። «ይህች ሴት ወፍ ስታይ ቆይታ ቀና ስትል ፋብሪካውን አየችው» ይሉናል። «እኔ ወፉን ብቻ አይቼ ቤቴ ከገባሁ መጽሐፏን አላነበብኩትም ማለት ነው።»

ይህ የአፍ ወሬ እንዳልነበረ የፍላታችን ነዋሪዎች ምስክር ናቸው። አንድ ጊዜ ሊፍታችን ተበላሽቶ ሳይሠራ ቆየ። ላይኛው ፎቅ የምትኖር እግሯን የታመመች ሶማሊያዊት እናት ከቤቷ መውጣት አቃታት። እትዬ ውድነሽ በየበሩ እያንኳኩ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ስሙ ሪፖርት እንዲያደርግ ለመኑ፤ መጻፍ ለማይችል ጻፉለት። ከዚያ የጀመሩትን ሹራብ ይዘው የቤቶቹ አስተዳደር ቢሮ ሄደው ተቀመጡ። ወጣቷ ሠራተኛ «እንደውልልዎታለን» ብትላቸው «ስልኬ ቤት ነው ያለው፤ እዚሁ እጠብቃለሁ» አሏት። የሹራቡ እጅጌ ሳያልቅ ሊፍቱ ተሠራ። ሹራቡንም ለዚያችው ሠራተኛ ሰጧት።

እኔ ከባለቤቴ ከጽጌና ከአራት ዓመቷ ሩት ጋር እዚያ ፍላት ስገባ የመጀመሪያዋን ሰላምታ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። እኔና ጽጌ ጴንጤዎች ነን፤ እሳቸው ጾማቸውንና ኪዳናቸውን የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ። በሃይማኖት አንድም ቀን ተከራክረን አናውቅም። ሩት በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልሰው። እትዬ አልተቆጧትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ውሃው ዳር ይወስዷትና «ይህ ወፍ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ እስኪ በአማርኛ ጥሪው» ይሏት ነበር። ልጄ አማርኛ የተማረችው ወፍ ስትጣራ ነው።

የጅረቷን ነገር ላስረዳ። ከያራቪል ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ጀርባ የምትወርድ ጠባብ ውሃ ናት። ብዙ ሰው በድልድዩ ላይ በመኪና ያልፋታል እንጂ ወርዶ አያያትም። ታች፣ ከትልቁ ወንዝ ከመቀላቀሏ በፊት፣ ሥራቸው ጭቃው ላይ የተንዠረገገ ቁጥቋጦዎች አሉ፤ እትዬ «የውሃ አጥር» ይሏቸዋል። ዓሣው እዚያ ነው የሚፈለፍለው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ያዩትንም በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ያስቀምጡታል።

እኔ የምሠራው ደግሞ ከዚያችው ጅረት በላይ፣ ኬሚካል የነበረባቸው በርሜሎች በሚታጠቡበት ግቢ ነበር። የበርሜሉ እጣቢ ወደ ታንከር ይገባል፤ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ደንቡ ይህ ነው። መኪናው ሲዘገይ ግን አለቃችን ሌላ መንገድ ነበረው። ታንከሩን ከዝናብ ውሃ ቱቦ ጋር የሚያገናኝ ቫልቭ አለ። ዝናብ በጣለ ቀን ያ ቫልቭ ይከፈታል፤ እጣቢው ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ ማንም አያይም። የቫልቩ መክፈቻ ከሺፍታችን በዕድሜ ለምበልጠው ለእኔ ተሰጥቶ ነበር። ከፍቼዋለሁ። አንዴ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ቃሉን የማለሳልስበት ምክንያት የለኝም።

አንድ ዕለት እትዬ ውድነሽ በራችንን አንኳኩ። እጃቸው ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። የሞተ ዓሣ ነበር፤ መተንፈሻ ስንጥቡ ነጭ ሆኗል።

«ከሃምሳ በላይ ነው ጭቃው ላይ የተኛው» አሉ። «ውሃው ላይ የሰባ መረቅ የመሰለ ነገር ተንሳፏል። ቱቦውን ተከትዬ ወደ ላይ ሄድኩ። ዳዊት፣ ከእናንተ ግቢ ነው የሚመጣው?»

ጽጌ ዞር ብላ አየችኝ። ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ሥራው ቋሚ አይደለም፤ ሺፍት የሚሰጠኝ በየሳምንቱ በስልክ መልእክት ነው፤ አንድ ሳምንት መልእክቱ ካልመጣ አለቀ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ ወዲያው አላነሱም። ከዚያ «ደህና» ብለው ዓሣቸውን ይዘው ሄዱ።

በዚያ እሑድ ወረቀታቸው ላይ ስለ ወፍ የሚል አንድ ቃል አልነበረም። ያዩትን ብቻ ጻፉ፤ የዓሣውን፣ የውሃውን ሽታ፣ በዚያ ዓሣ እያጠመዱ ቤታቸው የሚወስዱትን ሽማግሌ። የግቢያችንን ስም አልጠሩም። ግን እዚያ ግቢ የምንሠራው ኢትዮጵያውያን ሰባት ነን፤ ከመካከላችን አራቱ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን ናቸው፤ ለማን እንደተጻፈ ያልገባው አልነበረም። ከሰባቱ አንዱ ግርማ፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ወረቀቱን ከሰው ሁሉ እጅ እየሰበሰበ ቀደደው። በማግስቱ የእትዬን በር በቡጢ ደበደበ። ድምፁ በግድግዳው በኩል ቤታችን ይሰማ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ጡረታ አለዎት! ለዓሣ ብለው የልጆቼን እንጀራ ሊቀሙ ነው?»

«ግርማ፣ ግባና ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም! ይተዉት ብያለሁ፣ ይተዉት!»

«ያ ሽማግሌ ዓሣውን የሚወስደው ለልጅ ልጆቹ ነው» አሉት። «እነዚያን ልጆች፣ እስኪ አንተ ንገረኝ፣ እንዴት ልተዋቸው?»

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ቆሜ ነበር። መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ግርማ በሊፍቱ ሲወርድ ከሰማሁ በኋላ ነው በሬን የከፈትኩት፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ በሩን ይዘው ቆመዋል። «ደህና ነኝ፣ ግባ» አሉኝ። ገባሁ።

የአካባቢ ጥበቃ ሰዎችን ደጋግመው አነጋገሩ። የተሰጣቸው መልስ በትሕትና የተነገረ ነበር፤ ውሃው ሲፈስ ካልተያዘ ከየትኛው ግቢ እንደመጣ ማረጋገጥ አይቻልም፤ በዚያ ቱቦ ላይ ብዙ ግቢዎች አሉ። እትዬም የማር ብልቃጦች አጥበው፣ ስም የሚጻፍባቸው ወረቀቶች ለጥፈው፣ ውሃ መቅዳት ጀመሩ። በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ በላስቲክ ቦት ጫማ፣ ጭቃ ውስጥ። አንድ ጊዜ ጫማቸው ውስጥ ውሃው ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸው ተላጠ። ጽጌ ቅባት እየቀባች ስታለቅስ አየሁ። እኔ ወደ ሥራ ወጣሁ።

ከዚያ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ያን ቀን ሥራ አስቁሞ ሁላችንንም ወደ አዳራሹ ላከን። «የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡ፤ ሌላ ምንም አታድርጉ» አለን። ሰባታችንም የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። የድርጅቱ ሰው ተነስቶ ግቢያቸው ንጹሕ እንደሆነ፣ የብዙ ስደተኞች ቤተሰብ የሚተዳደርበት እንደሆነ ተናገረና በእጁ ወደ እኛ አመለከተ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

እትዬ ውድነሽ ተነሱ። አስተርጓሚ ቀርቦላቸው ነበር፤ አልፈለጉም። በዚያ ቀስ ባለ የመምህር እንግሊዝኛቸው ያዩትን ተናገሩ። ሰውየው «ለመሆኑ ከግቢያችን ሲወጣ ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እትዬ ወደ ኋላ ዞር አሉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። ጎኔ የተቀመጠው ግርማ ትንፋሹን ውጦ ይዞ ነበር። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

«አለ ብዬ አምናለሁ» አሉ። «ስሙን ግን እኔ አልናገርም። መናገር የእሱ ድርሻ ነው።» ተቀመጡ።

ያን ቀን ተነስቼ ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ የሚያምር ይሆን ነበር። አልተነሳሁም። ከግርማ ጋር በአንድ መኪና ወደ ቤት ተመለስን።

ከአሥር ቀን በኋላ የአየር ትንበያው ከባድ ዝናብ አለ። ታንከራችን ጢም ብሎ ነበር፤ መኪናው አልመጣም። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ከሱፐርማርኬት ስመለስ እትዬን ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ነገ ዝናብ ነው» አሉኝ፣ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ ወደ ላይ እያዩ። «ከጠዋት ጀምሬ ቱቦው አፍ ላይ እቆማለሁ። ውሃው ሲመጣ ያኔውኑ መቅዳት አለብኝ። ጠርዙ ስለሚያዳልጥ ከውስጥ ነው የምቆመው።»

«እትዬ፣ አይሂዱ። ጎርፉ ይጥልዎታል።»

«እንድታውቀው ብዬ ነው» አሉና ሊፍቱ ሲከፈት ቀድመውኝ ወጡ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም። አለቃችን ከቢሮው ብቅ ብሎ በጣቱ ወደ ቫልቩ አመለከተ። መክፈቻውን ይዤ ሄድኩ። ከቫልቩ ጎን ተንበረከክሁ፤ መክፈቻውን ቦታው ላይ አገባሁት። አንድ ዙር ብቻ ነው የሚፈልገው። ከቱቦው በታች የጎርፉ ድምፅ ይሰማኛል። በዓይነ ሕሊናዬ የእሳቸው ቦት ጫማ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ምናልባት ዝናቡን አይተው ቀርተው ይሆናል አልኩ። ምናልባት ባቡር ዘግይቶባቸው ይሆናል አልኩ። በዚያች ደቂቃ የሰው ልጅ ራሱን ለማታለል ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ዐየሁ። ምክንያቱም እትዬ ውድነሽ እሄዳለሁ ብለው የቀሩበትን ቀን አላውቅም።

አለቃችን መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። «ምን ሆነሃል? ክፈተው!»

«ታች ሰው ቆሟል» አልኩ።

«ማን ነው የቆመው?»

«ጎረቤቴ።»

«በዚህ ዝናብ ማንም የለም። ክፈተው፤ አለዚያ ወደ ቤትህ ሂድ።»

መክፈቻውን አወጣሁት። እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ግርማ ከበርሜሎቹ መሀል ቆሞ ያየናል፤ የውሃው ጎማ ከእጁ ወድቆ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። መክፈቻውን ኪሴ ከተትኩና በበሩ ወጣሁ። ከግቢው ስርቅ ሩጫ ጀመርኩ። በመንገዱ፣ በድልድዩ ሥር፣ በሣሩ እየተንሸራተትሁ ስደርስ እትዬ ውድነሽ እዚያ ነበሩ። ጎርፉ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። በአንድ እጃቸው የቱቦውን ብረት ይዘዋል፤ በሌላው ብልቃጥ። ገብቼ ወገባቸውን ያዝኩ። ሁለታችንም ልንወድቅ ደርሰን ነበር። ጎትቼ ሣሩ ላይ አወጣኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«አልፈሰሰም» አሉኝ። «ዝናብ ብቻ ነው የመጣው።»

«አልከፈትኩትም» አልኳቸው። «እስከ ዛሬ ስከፍተው የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።»

እርጥብ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ «ስልክህ ይሠራል? ደውልላቸው» አሉ። እዚያው ዝናቡ ውስጥ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ግቢው ደረሱ፤ ታንከሩን አዩ፤ ቫልቩን አዩ፤ የእኔን ቃል ተቀበሉ።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን አዙራችሁብን ነበር። ግቢው ለወራት ተዘጋ። ሰባታችንም ሥራ ፈታን። በበዓል ቀን ሰው እኔን ሰላምታ የነሳኝን ያህል እትዬንም ነስቷል። «በገዛ ወገኗ ላይ» ተባሉ። እሳቸው ግን ወደ ሰባታችንም ቤት ሄዱ፤ የግርማን በር ጭምር አንኳኩ። ማመልከቻ ሞሉ፤ ድሮ ካጸዱባቸው ቢሮዎች የሚያውቋቸውን ሰዎች አስቸገሩ፤ ለቃለ መጠይቅ የሚለበስ ኮት ከየቤቱ ተዋሱ። አምስታችን ሥራ ያገኘነው በእሳቸው እግር ነው። ግርማ ግን በሩን አልከፈተላቸውም። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ስሙ በተነሳ ቁጥር እትዬ ዝም ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «እሱ የተናገረውም እውነት ነበረበት» አሉኝ።

ግቢው ተመልሶ ሲከፈት በአዲስ አስተዳደር ነበር፤ ያ ቫልቭ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ጅረቷ ወዲያው አላገገመችም። እትዬ በደብተራቸው «ዛሬም የለም» ብለው ብዙ ጊዜ ጽፈዋል። ዓሣው ተመልሶ መታየት የጀመረው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ያ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም የማይችሉት፣ የቀብራቸው ዕለት ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ቆመው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ለስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን ልናገር ወስኜ ነበር። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ስለዋሸሁዎት…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «አዳራሹ ውስጥ ስምህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጠራህ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ነው የተቀመጥኩት። ሊፍቱ ውስጥ ደግሞ ቱቦው አፍ ላይ እቆማለሁ ያልኩህ አውቄ ነው። አንተ ጨካኝ እንዳልሆንክ ስለማውቅ፣ ልብህን ይዤ ጎተትኩህ። ሸክሙን አንተ ላይ ጫንኩት። ጽጌ የደረሰች እርጉዝ ነበረች። ያን ማድረግ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ይቅር በለኝ።»

እኔ ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩት ሰው ይቅርታ እየተጠየቅሁ ነው። «እትዬ፣ እርስዎ ባይጎትቱኝ እስከ ዛሬ እዚያው ተንበርክኬ ነበር» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ተካካስን» አሉ። «አሁን ሩት ትምጣና ታንብብልኝ።»

ሩት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የእሳቸውን ደብተሮችና የአሜሪካዊቷን ትርጉም በኮምፒውተር እየጻፈች ነው። ትርጉሙ አላለቀም፤ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ቀርተዋል። ትርጉሙን ለመቀጠል የሚችል ሰው ካለ በራችን ክፍት ነው። የእሳቸውን ቃል ግን አንቀይርም፤ «ቁጡው ዲያቆን»ም እንዳለ ይቀመጣል።

እትዬ ውድነሽ፣ አንቱ ብዬ ጀምሬ አንቱ ብዬ ልሰናበትዎ። ሥራ ያጡት ሰዎች ልጆች ዛሬ አድገዋል፤ አንዳንዶቹ ይህን ያነባሉ። እርስዎ ያዘኑላቸውን ያህል ማንም እንዳላዘነላቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። ግርማንም እፈልገዋለሁ፤ ሲገኝ በእርስዎ ስም አላናግረውም፤ በራሴ ስም እንጂ። እርስዎ እንዳሉት መናገር የእኔ ድርሻ ነው። የደከመው እግርዎ ይረፍ። ብርድ የማይነካው፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ያሳርፍዎ። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።